የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እናትንና ልጆችን ይዞ ወደ ሆኪንግ ሂልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ስለምትሰነብት፣ የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ሆኪንግ ሂልስ ስቴት ፓርክ ሄደን ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበን ነበር። ባለቤቴ ግን አገሩ ገደል የበዛበት ስለሆነ ለእናቴ ጉልበትም ለሁለቱ ትንንሽ ልጆቻችንም አይሆንም ብሎ ተቃወመ። ጉዞውን እንተወው?

አንዲት አንባቢ፣ ከኮሎምበስ

መልስ፦ ባለቤትዎ ስለ ገደሉ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ጉዞውን በመተው ግን አንስማማም። ከኮሎምበስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት ይህ ፓርክ፣ እንደ እናትዎ ላሉ ሰዎች የሚመች መንገድም አለው።

በመጀመሪያ አደጋው ከየት እንደሚመጣ መረዳት ይበጃል። የሆኪንግ ሂልስ ገደሎች ብላክሃንድ ከሚባል የአሸዋ ድንጋይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የአለቱ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ጠንካራ፣ መካከሉ ግን ልል በመሆኑ፣ ውሃና ውርጭ መካከሉን እየቦረቦሩ የላይኛውን እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ውጭ አስቀርተውታል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ዋሻ ተብለው የሚጠሩት አብዛኞቹ ሰፋፊ የአለት መጠለያዎች ናቸው። ከታች ሆኖ ለሚያይ ግሩም የሆነው ይህ ቅርጽ፣ ከላይ ለሚራመድ ሰው ግን ወጥመድ ነው፤ ከጫፉ በታች ባዶ መሆኑ አይታይም፣ ቅጠል የለበሰው እርጥብ ድንጋይም ያንሸራትታል። በፓርኩ ውስጥ ከተበጀው መንገድ መውጣት የተከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ከገደል ወድቀው ሕይወታቸውን ያጡ ጎብኚዎች አሉ።

ለእናትዎ የምንመርጠው አሽ ኬቭን (“የአመድ ዋሻ” ማለት ነው) ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ መጠለያው ያለው የሸለቆ መንገድ ሩብ ማይል ብቻ የሚረዝም፣ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች የተነጠፈ ነው። በመጨረሻው ላይ ከዳር እስከ ዳር 200 ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ 27 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአለት ጣሪያ ይገኛል። ስሙን ያገኘው የመጀመሪያዎቹ ነጭ ሰፋሪዎች ሲደርሱ በውስጡ ካገኙት ከፍተኛ የአመድ ክምር ሲሆን፣ አመዱም የጥንቶቹ የአገሬው ሰዎች ካነደዱት እሳት የተረፈ እንደሆነ ይታመናል። ከአለቱ ጫፍ የሚወርደው ፏፏቴ ዝናብ በጠፋባቸው ሳምንታት ይሳሳል፤ ምርጫ ካለዎት በነሐሴ ከመሄድ በሰኔ መጀመሪያ መሄድ ይሻላል። ሸለቆዎቹ ጥላቸው የከበደ ስለሆነ በሙቀት ወራትም ይቀዘቅዛሉ። በበረዶው ዘመን ወደዚህ የወረዱት ሄምሎክን የመሳሰሉ የቀዝቃዛ አገር ዛፎች እስከ ዛሬ የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለእናትዎ ጋቢ መያዝዎን አይርሱ።

ልጆቹን ኦልድ ማንስ ኬቭ ሊወስዷቸው ይችላሉ። የድንጋይ ደረጃውና ድልድዩ ብዙ ነው፤ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ በመካከል ሐሳብ ቀይሮ መመለስ አይመችም። በማለዳ ካልደረሱ ሕዝቡ ያጨናንቃል፤ የትንንሾቹን እጅ መያዝም ግድ ነው። የኮንክልስ ሆሎው የላይኛው የገደል ዳር መንገድ ግን ለእነርሱ አይሆንም፤ እዚያ ከሄዱ የታችኛው የሸለቆ መንገድ ይበቃል።

ባለቤትዎ ብቻቸውን ረዘም ያለ ጉዞ ከፈለጉ፣ ከኦልድ ማንስ ኬቭ ተነስቶ በሲዳር ፎልስ በኩል አሽ ኬቭ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ እርስዎ በመኪና ቀድመው ቢጠብቋቸው መመለሻው አያስቸግርም። መንገዱ የሚጠራው በኦሃዮዋ ተወላጅ በኤማ ጌትውድ ሲሆን፣ እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ2,000 ማይል በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን ሄደው የጨረሱ ናቸው። እናትዎ ስለ ዕድሜያቸው ካነሡ ይህን ይንገሯቸው።

ወደ ፓርኩ ለመግባት ክፍያ የለም፤ ለድንኳን ቦታ ግን ይከፈላል፤ የቅዳሜና እሁድ ቦታዎች ቶሎ ስለሚያዙም ከወራት በፊት ማስያዝ ያስፈልጋል። ማገዶ ከቤት አይውሰዱ፤ አሽ የተባለውን ዛፍ የፈጀው ጥንዚዛ ከቦታ ቦታ የተዛመተው በተጓጓዘ እንጨትም ጭምር ስለሆነ፣ እዚያው አካባቢ ገዝቶ ማንደድ ይመረጣል። ቡና ለማፍላት ከሰልዎንና ጀበናዎን ይዘው በተዘጋጀው የእሳት ቦታ ላይ ብቻ ይጠቀሙ። ምግብ በድንኳን ውስጥም ሆነ በውጭ አያሳድሩ፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ያስቀምጡት፤ ራኩን የሚባለው አውሬ ሌሊት መጥቶ ዕቃ ይከፍታል። ማታ ማታ የልጆቹን እግርና አንገት ለመዥገር ይፈትሹ። በሸለቆዎቹ ውስጥ የስልክ መስመር ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ካርታውን ከቤት ሳይወጡ በወረቀት አትመው፣ ከባለቤትዎ ጋር የምትገናኙበትን ሰዓትና ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።