ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ?

ጥያቄ፦ የማሳዬ አንዱ ዳር ሲደርቅ ነጭ ጨው ያወጣል። እዚያ ላይ የዳቦ ስንዴና የፓስታ ስንዴ፣ ማለትም ዱረም፣ ጎን ለጎን ዘራሁ። ሁለቱም እኩል በቀሉ። ሁለት ወር ሲሆናቸው ግን የዱረሙ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ይቃጠል ጀመር። የዳቦ ስንዴው አጠር ከማለቱ በቀር አረንጓዴ ነው። የዱረሙ ዘር በሽታ ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘሩን አይውቀሱት። የነገሩኝ የጨው ቃጠሎ ይመስላል። ውሃው ከቅጠሉ ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል። ብዙ የቆየው ቅጠል ብዙ ስለሚያጠራቅም ቃጠሎው ከታች ይጀምራል።

ጨው ስንዴን የሚመታው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ይጠማል። የዳቦ ስንዴዎም ያጠረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምት የጨው አካል የሆነው ሶዲየም ቅጠል ውስጥ ሲጠራቀም ቀስ ብሎ ይመጣል። ሁለቱ ስንዴዎች የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። የዳቦ ስንዴ ሥሩ ላይ ዘበኛ አለው፤ ከውሃው ጋር ሽቅብ የሚወጣውን ሶዲየም ይዞ ያስቀረዋል። የዘበኛው ጂን ያለው 4ዲ በሚባለው ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖችን በተሸከመ ክር፣ ላይ ነው። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም ሲኖረው ዱረም ያለው 28 ብቻ ነው፤ የጎደሉት 14ቱ ደግሞ እነዚያው የዲ ወገኖች ናቸው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ተመሳሳይ ጂን በማዳቀል ወደ ዱረም አስገብተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ጂኑ ያለው ዱረም ጨዋማ ማሳ ላይ ከሌለው 25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል።

የዳቦ ስንዴ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በጨው ቻይነቱ ስሙ የሚነሳው ካርቺያ የሕንድ ገበሬዎች የቆየ ዘር ነው፤ አዳቃዮች እስካሁን ይፈልጉታል።

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። አንድ ጊዜ ስድስት ዝርያዎችን ጨው ውሃ በጠጣ ጨርቅ ላይ አብቅዬ ቀድሞ የበቀለውን መረጥኩ። ጀግናዬ ማሳ ላይ ጭራ ሆነ! ሲበቅሉ ጨው መቻልና አድገው መቻል ለካ የተለያዩ ናቸው። አሁን አረንጓዴነቱም አያታልለኝም፤ ፍሬውን እመዝናለሁ።

ከሚቀጥለው ዘር በፊት አፈሩን ያስመርምሩ። የአፈር ጨው የሚለካው ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ነው፤ 4 ከደረሰ ጨዋማ ይባላል። ስንዴ በአማካይ እስከ 6 ይችላል፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዷ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ምርት ይቀንሳል። ዳሩ ላይ ውሃ የሚተኛ ከሆነም መጀመሪያ መውጫ ያብጁለት። ሥሩ አየር ሲያጣ ያ ዘበኛ ጉልበት የለውም፤ ጥሩው ዝርያም እንደ ደካማው ይሆናል።

ቁጥሩ ከ8 ካለፈ እኔ ብሆን እዚያች ዳር ላይ ገብስ ነው የምዘራው።