ከመልቀቅሽ በፊት ምኑ እንደሰለቸሽ ለዪ

«ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። አካውንቲንግ ዲፓርትመንት ሲመደብ የደረሰኝ እንጂ የመረጥኩት አይደለም። ለሥራዬ ፍቅር የለኝም፣ ልልቀቅ?» ብለሻል። አሁን አትልቀቂ። መጀመሪያ ይህን አድርጊ፦

1. ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት መስመር ጻፊ። ዛሬ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ የሠራሁት ምንድን ነው? ያንገሸገሸኝስ? «ሥራው ይሰለቻል» ማለት አይበቃም። ብር መቁጠሩ ነው? ሰልፉ ነው? ወይስ ሂሳብ አልዘጋ ብሎ ማምሸቱ?

2. ደስ ያለሽን አብዢው። ለአንዲት እናት ሞባይል ባንኪንግ ስታስረጂ ደስ ካለሽ፣ ወደ ዲጂታል ክፍል ዝውውር ጠይቂ። ቁጥር ማመሳከር ከሆነ ኦዲትን እዪ።

ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ዳተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ጽፈው ነበር። አንዳንዶቹ ታካሚን ማጽናናትም የሥራቸው አካል ነው ብለው ያምኑ ነበር። እነዚህ ሥራቸውን ይወዱት ነበር። መጥረጊያው ግን ያው ነው። ፍቅር ሁልጊዜ ቀድሞ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ሥራውን በደንብ ስትችዪው ነው የሚመጣው። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ድካምን ፍቅር ከማጣት ጋር አታምታቺው። በክፉ አለቃ ተማረው ሙያቸውን የጣሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ቅርንጫፍ መቀየር ይበቃቸው ነበር። መጀመሪያ የዓመት ፈቃድሽን ውጪና እረፊ። ከዚያም ልልቀቅ ካልሽ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ።