ሰሜን ተራራን በረዶ ነው የፈለፈለው?

አንዲት መምህርት ተማሪዎቻቸውን ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ሊወስዱ አስበው «ገደሉን የሠራው የጥንት የበረዶ ግግር ነው ይባላል፤ እውነት ነው? ዘመኑስ በምን ይታወቃል? እንስሳቱስ ምን ሆኑ?» ብለው ጠይቀዋል። ከደባርቅ ወደ ላይ ለዓመታት እንግዳ እየመራሁ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርዎት።

እህቴ፣ ገደሉን በረዶ አልፈለፈለውም። ይህን ለልጆቹ እንዳይነግሯቸው እለምንዎታለሁ። በፓርኩ ካሉት ማደሪያዎች ከሳንቃበር እስከ ጭነቅ ቁልቁል የሚያዩት ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ቀልጦ እየፈሰሰ የተነባበረ አለት ነው፤ የቆረጡትም ዝናብና ወደ ተከዜ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ግግሩ የነበረው እንደ ቧሂትና ራስ ደጀን ባሉ ከፍተኛ ተራሮች አናት ዙሪያ ብቻ ነው። ቃሉም ያሳስተናል፤ በክረምት ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ተጭኖ በገዛ ክብደቱ የሚንሸራተተውንም በረዶ እንላለን። አለት የሚፍቀው ሁለተኛው ነው።

ምልክቱን ለማየት በቧሂት ሰሜናዊ ጎን ይሂዱ። እዚያ የድንጋይ ክምር አለ። እኔ ብዙ ጊዜ የፈረሰ የእረኛ ካብ መስሎኝ አልፌዋለሁ። አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ እንግዳ ግን አጠገቡ አስቀምጠው አሳዩኝ፤ ጠጠሩ፣ ቡጢ የሚያህለው ድንጋይና በሬ የሚያህለው ቋጥኝ በአንድ አፈር ተለውሰዋል። ወንዝ ድንጋይን በመጠኑ ይለያል፣ ጠርዙንም ያለሰልሳል። ግግር ግን ሳይመርጥ ይገፋል፤ ሲቀልጥም ሁሉን ባለበት ይጥለዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልቆም አልፌው አላውቅም።

ዘመኑ የሚታወቀው ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ቋጥኙን ሲመታው በውስጡ ክሎሪን 36 የሚባል ልዩ የክሎሪን ዓይነት (አይሶቶፕ) በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማል። ድንጋዩ ተቀብሮ ሳለ ጨረሩ አያገኘውም፤ ግግሩ አውጥቶ ሰማይ ስር ካስቀመጠው ጀምሮ ግን ቆጠራው ይጀምራል፤ የተጠራቀመው ሲለካ ዓመቱ ይታወቃል። በሌሎች አገሮች ኳርትዝ በሚባል ማዕድን የሚሠራው ዘዴ ለእኛ ባዛልት፣ ለዚያ ቀልጦ ለፈሰሰው አለት፣ አይሆንም፣ ኳርትዝ የለውምና።

በዚህ መንገድ በባሌ ተራሮች የተሠራውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግግሩ በጣም የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ታላላቅ ግግሮች የገነኑት ግን ከ21,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። የእኛ ለምን ቀደመ? ብርድ ብቻውን ግግር አይሠራም፤ ከሰማይ የሚወርድም ያስፈልጋል። የዓለም ግግር በገነነበት ጊዜ ዝናቡ ከእኛ ሳይሸሽ አልቀረም ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ጎርጎራ ወርደው ጣናን ይዩት፤ ከታችኛው ደለሉ የወጣው ጭቃ በካርቦን ሲለካ፣ ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ተረጋግጧል። ያ ሁሉ ውኃ! ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው።

ወደ እንስሳቱ ልምጣ። ያው የባሌ ጥናት እንደሚለው ሙቀቱ ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ቀንሶ፣ የደጋ ጫፍ ዕፅዋት 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርደው ነበር። እኛም ጋ እንዲሁ ከሆነ ጓሳውና ጅባራው ወደ ደባርቅ ተጠግተው ነበር ማለት ነው። ሰፊ ሣር ለጭላዳ ግጦሽ ነው፤ ለቀይ ቀበሮ ደግሞ የአይጥ አገር። አየሩ ሲሞቅ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ወደ ላይ ተከተላቸው፣ ሜዳውም እንደ ደሴት ተቆራረጠ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ነው። ዋልያም የቅርብ ዘመዱን በሲናና በቀይ ባሕር ተራሮች ትቶ እዚህ ብቻውን ቀርቷል። ከዚያ በላይ የሚሸሽበት ተራራ የለውም፤ እርሻችንም ከታች እየገፋው ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ልጆቹን ጭነቅ ካሳደሩ በበጋ ፀሐይ ሳይወጣ ቀስቅሷቸው። ውርጩ ከአፈሩ ውስጥ እንደ መርፌ ቀጥ ቀጥ ብሎ በቅሎ፣ በጫፉ ጠጠር ተሸክሞ ያገኙታል። ጎንበስ ብለው ይዩት፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቀልጦ ጠጠሩ ትንሽ ወደ ቁልቁለቱ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል።