ከመንጠቆው በላይ ያለችው አንድ ሜትር፦ ለጀማሪ ዓሣ አጥማጆች

ውድ ወጣቶች፣

ዓሣ ማጥመድ የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዘንግ ነው። የትኛው ይሻላል? ስንት ሜትር ይሁን? ጥያቄው ባይከፋም፣ ዓሣው ግን ዘንጋችሁን አያየውም። እሱ የሚያየው፣ የሚቀምሰውና የሚጠራጠረው ከመንጠቆው በላይ ያለችውን አንድ ሜትር ክርና ጫፏ ላይ የተሰካውን ምግብ ነው። በሐይቅም ሆነ በወንዝ ዳር ጀማሪ ባዶ እጁን የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ሜትር ላይ ባለ ጉድለት ነውና ምክሬም ከዚያው ይጀምራል።

መሣሪያውን ባጭሩ ልለፈው። ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር የሚደርስ፣ ቀለል ያለ ዘንግ፣ 2500 ቁጥር ሪል (የክር መጠቅለያ)፣ 0.22 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ የናይለን ክር፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ በላይ አትግዙ። ተጎንጉኖ የሚሠራው ክር ጠንካራ ቢሆንም አይለጠጥም፤ ድንገት ስትጎትቱ ጉልበቱ በሙሉ ቋጠሮውና የዓሣው አፍ ላይ ያርፋል። ናይለን ይለጠጣል፣ ግንፍልተኛ እጅን ይችላል። ክሩን ሪሉ ላይ ስትጠመጥሙ ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አጉድሉ። እስከ አፉ ከሞላ በውርወራ ጊዜ በጥቅሉ ተግተልትሎ ይወጣና ይተበተባል፤ በጣም ከጎደለ ደግሞ ጠርዙን እየታከከ ስለሚወጣ ውርወራችሁ ያጥራል።

ወደ መንጠቆው እንምጣ። ቁጥሩ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ታንሳለች። ከ1 ቁጥር ወዲያ ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ መጠኑ ያድጋል። ለቆሮሶና አፋቸው ትንሽ ለሆኑ ዓሦች ከ8 እስከ 10፣ ለመካከለኛ ካርፕ 6 አካባቢ፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0 ይበቃል። ጀማሪ ትልቅ ዓሣ እያለመ ትልቅ መንጠቆ ያስራል፤ ያኔ ትንንሾቹ ምግቡን ዙሪያውን ነጭተው ይጨርሱታል፣ መንጠቆው ግን አፋቸው አይገባም። ምግቡ ደጋግሞ ካለቀባችሁና ዓሣ ካልያዛችሁ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት መንጠቆውን አሳንሱ። ስለቱን ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ ጎተት አድርጉት። ጥፍሩን ቧጦ ከቆመ ስል ነው፤ ከተንሸራተተ ዶልዷል፣ ቀይሩት። ድንጋይ የነካ መንጠቆ ሁሉ ይፈተን።

ቋጠሮ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ማሰር እስክትችሉ ተለማመዱት፤ ውሃ ዳር ሲመሽና እጅ ሲርስ ሌላ ነገር ነው። የክሩን ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል በመንጠቆው ዓይን አሳልፉና በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምጥሙት። ቀጥሎ ጫፉን መልሳችሁ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት አስገቡት። ይህን ስታደርጉ ሌላ ሰፋ ያለ ቀለበት ይፈጠራል፤ ጫፉን በእሱም አሳልፉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቋጠሮውን በምራቅ ወይም በውሃ አርጥባችሁ ነው ቀስ እያላችሁ የምትስቡት። ደረቅ ክር ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተግና ይሞቃል፣ ናይለን ደግሞ ሙቀት ያደክመዋል። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ከተደረደሩ ጥሩ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ሳታዝኑ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ትራፊውን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ መንጠቆውን በፒንሳ ይዛችሁ ጎትታችሁ ፈትኑት።

ክር ተበጥሶባችሁ ዓሣ ሲያመልጥ ዕድልን ከመራገም የክሩን ጫፍ ተመልከቱ። እንደ አሳማ ጅራት ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተንሸራትቶ ተፈትቷል፤ አስተሳሰራችሁን አርሙ። ጫፉ ተልጎ ሻካራ ከሆነ ድንጋይ ወይም ሥር በልቶታል፤ የተጎዳውን ሁሉ ቆርጣችሁ ጣሉ። ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ ግን ብዙ ጊዜ የሪሉ ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀው ክፍል፣ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ፍሬኑ ክሩ ሊሸከም ከሚችለው ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ በሚሆን ኃይል ሲጎተት ክር መልቀቅ አለበት። በእጅ ሚዛን መለካት ይቻላል፤ 4 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ሚዛኑ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ሲያሳይ ሪሉ ክር ይልቀቅ።

ቀጥሎ ያለው፣ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው፣ ጥልቀት ነው። ተንሳፋፊውን፣ ማለትም ክሩ ላይ ታስሮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ምልክት፣ በግምት አንድ ቦታ አስሮ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ምግቡ ከዓሣው አንድ ሜትር በላይ ተንጠልጥሎ ሊውል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። መንጠቆው ላይ ተንሳፋፊውን ማስጠም የሚችል ከባድ የእርሳስ ክብደት (የብረቱን ዓይነት) ሰክታችሁ ወደምታጠምዱበት ነጥብ ወርውሩ። ተንሳፋፊው ከሰጠመ ውሃው እናንተ ካሰባችሁት ይጠልቃል፤ ወደ ዘንጉ አቅጣጫ ከፍ አድርጉት። ጋደም ካለ ክሩ በዝቷል፤ ወደ መንጠቆው ዝቅ አድርጉት። ጫፉ ብቻ ውሃው ላይ ሲታይ ጥልቀቱን አገኛችሁት። ከባዱን እርሳስ አውጡና ምግቡ ከታችኛው መሬት 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አስተካክሉ፤ ለአምባዛ ግን መሬቱ ላይ ይረፍ፣ ምግቡን በአብዛኛው እዚያ ስለሚፈልግ። ውሃው ከዘንጋችሁ ርዝመት በላይ ከጠለቀ በአንድ ቦታ የታሰረ ተንሳፋፊ ለውርወራ አይመችም፤ ክሩ ላይ የሚንሸራተተውን ዓይነት ተጠቀሙ።

የእርሳሱ ፍሬዎችም ልክ አላቸው። የተንሳፋፊው ጫፍ ከውሃው በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ እስኪታይ ጨምሩ። ግማሹ ከውሃ በላይ የቆመ ተንሳፋፊ ዓሣው ሲስበው ይታገለዋል፤ ዓሣውም ያልለመደው ክብደት ሲሰማው ምግቡን ይተፋል። አብዛኛውን እርሳስ ከተንሳፋፊው ሥር ሰብስባችሁ አንዲት ትንሽ ፍሬ ብቻ ከመንጠቆው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉ። ይህች ፍሬ ወሬ ነጋሪ ናት፦ ዓሣው ምግቡን አንሥቶ ወደ ላይ ሲዋኝ ክብደቷን ይሸከምላታል፣ ተንሳፋፊውም ብቅ ብሎ ይጋደማል። ጀማሪ መስጠሙን ብቻ ስለሚጠብቅ ይህን ያልፈዋል። ተንሳፋፊው ከተንቀጠቀጠ ትንንሾቹ እየነጩ ስለሆነ ታገሡ፤ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ ከሰጠመ ወይም ከተጋደመ አንሡ። ማንሣት ማለት በእጅ አንጓ ዘንጉን ቀና ማድረግ እንጂ ወደ ኋላ መወርወር አይደለም። እርሳስ የዋጡ የውሃ ወፎች ስለሚመረዙ ሌላ ማዕድን ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ለምግብ ትልና ሊጥ ይበቃሉ። ትሉን ርዝመቱን ተከትላችሁ መንጠቆው ላይ አልብሱትና አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ተርፎ ይንቀሳቀስ። ረጅም ጭራ ከተረፈ ዓሣው ጭራውን ቆርጦ ይሄዳል። ሊጡን ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ እሹት፤ ከላላ በውርወራ ይወድቃል፣ ከደረቀ ደግሞ የመንጠቆው ጫፍ ቀዶት መውጣት ያቅተዋል።

ቦታ ስትመርጡ ሁለት ነገር የሚገናኙበትን ፈልጉ፦ ሸምበቆው የሚያልቅበትን ጠርዝ፣ ጥልቁና ጥልቅ ያልሆነው የሚዋሰኑበትን፣ ወንዝ ሐይቅ የሚገባበትን። በወንዝ ውስጥ ዓሣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ከድንጋይ ጀርባ ያርፋል፤ ምግቡን ከላይ ለቃችሁ ውሃው እንዲያደርስላችሁ አድርጉ። ነፋስ ለረጅም ሰዓት ሲነፍስ የሚገፋው ምግብ የሚከማችበት ዳርቻ፣ ፊት ቢመታም፣ ይሻላል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በቀትር ዳርቻው ጭር የሚለው አንድም በዚህ ነው። ንጋትና አመሻሽን ያዙ። ዓሣ በጎኑ ባለው መስመር ንዝረት ይሰማዋል፤ ከወሬያችሁ ይልቅ እርምጃችሁ ያባርረዋል፣ ጥላችሁም እንዲሁ።

ዓሣው ሲያዝ ዘንጉን 45 ዲግሪ አካባቢ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ዝቅ ስታደርጉ ብቻ ክር ጠቅልሉ። ሪሉ ክር እየለቀቀ ሳለ አትጠቅልሉ፤ ክሩን ትገምዱታላችሁ። መረቡን ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱና ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ አምጡት። በመረብ ከኋላው ካሳደዳችሁት የመጨረሻ ጉልበቱን ያወጣል፤ ብዙ ዓሣም የሚጠፋው በዚህች ቅጽበት ነው።

የምትለቁትን ዓሣ በደረቅ እጅ አትንኩት፤ ከበሽታ የሚጠብቀው የሚያሟልጭ ልባስ ይላጣል። መንጠቆው ጠልቆ ከገባ አትጎርጉሩ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍና የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ ስላላቸው እጃችሁን ጠብቁ። የናይል ቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች፤ አፏን ስትከፍቱ እንቁላል ካያችሁ ሳትዘገዩ መልሷት። የምታጠምዱበት ውሃ የመጠን ገደብና የተከለከለ ወቅት ካለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትወስዱትን ዓሣ ወዲያው ግደሉ፣ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ በረዶ ውስጥ ክተቱ። በሙቀት ውስጥ በሰዓታት ይበላሻል።

ደመና ሲያጉረመርም ዘንጉን አስቀምጡ፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥርም አትወርውሩ። የተረፈ ክር ወፍ ስለሚያንቅ ይዛችሁት ሂዱ። እቤት ስትደርሱ ሪሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላሉት፤ ጠብቆ ከከረመ ውስጡ ያሉት ዋሸሮች ይጨፈለቁና በሚቀጥለው ጊዜ ክሩን እየነጠቀ ይለቃል።