ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ሠርግ አልሠራም ብል እከሰሳለሁ?

ጥያቄው የመጣው ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤታቸው ጋር ሠርግ ይሠራሉ፤ እሳቸው ምግቡን ያቀርባሉ፣ ባለቤታቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ሁለት ወንዶች ደውለው ለሠርጋቸው ሁለቱንም ጠየቁ። «ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ እምቢ ብል ሕጉ ምን ይለኛል?» ብለዋል።

እህቴ፣ ምግቡን ከከለከሉ ሊከሰሱ ይችላሉ። የቪዲዮው ጉዳይ ግን ይለያል።

የኮሎራዶ የፀረ አድልዎ ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግድ ደንበኛን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በትውልድ አገሩ ወይም በጾታ ዝንባሌው ምክንያት እንዳይመልስ ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በዚህ ሕግ እንደ ንግድ አይቆጠሩም፤ ካህንዎንም የማያምኑበትን ጋብቻ ባርኩ ብሎ የሚያስገድድ የለም። የእርስዎ ግን ንግድ ነው። ዶሮ ወጡና እንጀራው ለማንም ሠርግ የሚያቀርቡት ያው ምግብ ነው፣ ለእነዚህ ብቻ ሲከለከል አድልዎ ይባላል።

«ኬክ ጋጋሪው አሸንፎ የለም ወይ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አዎ፣ ለሁለት ወንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው፣ እዚያው ኮሎራዶ ያለው ኬክ ጋጋሪ ጃክ ፊሊፕስ በ2018 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 አሸንፏል። ያሸነፈው ግን የክልሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን አባላት እምነቱን በንቀት ስላነሱ፣ ጉዳዩንም ያለ ወገንተኝነት ስላላዩለት ነው። ፍርድ ቤቱ ነጋዴ በሃይማኖቱ ምክንያት ደንበኛ መመለስ ይችላል አላለም።

ለባለቤትዎ የሚጠቅመው የ2023ቱ ውሳኔ ነው። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሠርግ ድረ ገጽ መሥራት አልፈልግም ያለች ሎሪ ስሚዝ የምትባል የኮሎራዶ ድረ ገጽ ሠሪ በዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 አሸነፈች። መንግሥት የማታምንበትን መልእክት በገዛ ሥራዋ እንድትፈጥር ሊያስገድዳት አይችልም ተባለ። ልብ ይበሉ፣ ያሸነፈችው ሐሳብን በመግለጽ ነፃነት እንጂ በሃይማኖት ነፃነት አይደለም፤ ለሌላ ሥራ ከመጡ ደግሞ ግብረ ሰዶማውያንንም እንደምታስተናግድ ተናግራለች። የሠርግ ቪዲዮ ቀርጾ፣ መርጦ፣ ቆራርጦ ታሪክ አድርጎ መሥራት ለዚህ ስለሚቀርብ ባለቤትዎ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ስለ ሠርግ ቪዲዮ በቀጥታ አልወሰነም፣ ስለዚህ ዋስትና አልሰጥዎትም።

ሕጉ በምግቡ ለምን እንዲህ ጠነከረ? በደቡብ ካሮላይና የፒጊ ፓርክ ምግብ ቤቶች ባለቤት ጥቁሮችን ከነጮች ጋር እንዳላስተናግድ እምነቴ ያዘኛል ብሎ ተከራክሮ ነበር። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዛሬ እኔና እርስዎ የትም ገብተን ተቀምጠን የምንበላው እንዲህ ባሉ ፍርዶች ነው። ነጠላ ለብሰው፣ ማተብ አስረው ሱቅ ሲገቡ ባለሱቁ በሃይማኖትዎ ምክንያት እንዳይመልስዎ የሚጠብቅዎትም ይኸው ሕግ ነው። እምነትዎን አከብራለሁ፣ ጭንቀትዎም ይገባኛል፤ ምግቡን ግን ያቅርቡ ነው ምክሬ።

ስልክ ላይ «እንደ እናንተ ያሉትን አናስተናግድም» እንዳይሉ። ፌስቡክ ላይም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይለጥፉ፣ መለጠፉ ራሱ የተከለከለ ነው። ቀኑ ሳይያዝ ተይዟል ብሎ መዋሸትም አይሆንም፤ ከተካሰሳችሁ የቀጠሮ ደብተርዎ ይታያል። ባለቤትዎ ምን ዓይነት ይዘት እንደማይቀርጹ ለማንም እኩል የሚሠራ መመሪያ አሁኑኑ በጽሑፍ ያስቀምጡ። ከሠራተኞችዎ አንዱ በእምነቱ ምክንያት እዚያ ሠርግ ላይ አልሄድም ካለ፣ ሌላ ሰው መላክ ከቻሉ ይላኩ።

ከሲቪል መብቶች ቢሮ ደብዳቤ ከመጣ መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት፣ የመልስ ቀነ ገደብ አለው። በስልክም አይመልሱ። ምንም ነገር ከመፈረምዎ በፊት የኮሎራዶ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ያሳዩት።