ቤንዚን ከሸተተ ቁልፉን አትንኩ፦ ስለ ድሮ መኪኖች የሞተር እሳት ጥያቄና መልስ

የምመልሰው ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ስላላቸው የቤንዚን መኪኖች ነው፤ ናፍጣ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው ወስጃለሁ፤ የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሮ መኪና ቶሎ የሚቃጠለው ሞተሩ ስለሚግል ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጋለ ሞተር ብቻውን አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው መሆን ከሌለበት ቦታ የተገኘ ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ በኖ አይጠፋልህም፤ ሞተሩ ሥር ይተኛል። ከአየሩ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህሉ ተን ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ብልጭታ ደግሞ በድሮ መኪና ኮፈን ሥር ሞልቷል፦ የዲናሞው ካርቦን፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ብልጭታውን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተር የተሰነጠቀ ክዳን፣ ሽፋኑ የደረቀ የካንዴላ ገመድ። እነዚህን ሁሉ ማጥፋት አትችልም። ቤንዚኑን ግን በመስመሩ ውስጥ ማቆየት ትችላለህ፤ ስለዚህ ገንዘብህን መጀመሪያ ለጎማ ቱቦ፣ ከዚያ ለባትሪ ማቋረጫ፣ ከዚያ ለእሳት ማጥፊያ አውጣ። አብዛኛው ሰው በተቃራኒው ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ከቀየርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ሳጥፋቸው ተሰነጣጥቀው አገኘኋቸው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ቱቦው ለዛሬው ቤንዚን አልተሠራም። በብዙ ቦታ የሚሸጠው ቤንዚን ኢታኖል የሚባል አልኮል ተቀላቅሎበታል። ኢታኖል የድሮውን ዓይነት ጎማ ከውስጥ ያለሰልሰዋል፣ ያሳብጠዋል፤ መኪናው ሲቆምና መስመሩ ሲደርቅ ደግሞ ጎማው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቱቦው ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብብ። «ኤስኤኢ ጄ30» የቤንዚን ቱቦ ደረጃ መለያ ነው፦ «ኤስኤኢ ጄ30 አር6» ወይም «አር7» የሚለው ለካርቡሬተር ግፊት ይበቃል፤ ኢታኖልን ግን ለብዙ ጊዜ አይችልም። «አር9» የሚለው ውስጡ ፍሎሪን ባለበት ጎማ የተሸፈነ ስለሆነ የተሻለ ነው፤ እኔ የምመክረውም እሱን ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ቱቦ ለመስታወት ውኃ ተጠቀምበት እንጂ ቤንዚን አታሳልፍበት።

ከላይ በጥጥ የተጠለፈው ቱቦ መልኩ ለድሮ መኪና ያምራል፤ ግን ጥልፉ ስንጥቁን ይደብቃል። ላብ የመሰለ እርጥበት ጥልፉ ላይ ካየህ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። የተለየ ነገር ባይታይም በየ5 ዓመቱ ቀይር፤ የቀየርክበትን ቀን በወረቀት ጽፈህ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፍ።

ስፋቱ ከብረት ቧንቧው ጋር እኩል ይሁን። የ8 ሚ.ሜ ቱቦን 6 ሚ.ሜ ቧንቧ ላይ በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ ቀለበት) አስጨንቆ ማሰር ትልቅ ስህተት ነው፤ ጎማው ይታጠፍና በእጥፋቱ በኩል ያፈሳል። ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለችውን እብጠት አልፎ 25 ሚ.ሜ ያህል ይግባ፤ ፋሼታው በእብጠቷና በቱቦው ጫፍ መካከል ይታሰር። ጠርዙ ወደ ላይ የተጠቀለለውን፣ ጥርሱ ያልተበሳውን የፋሼታ ዓይነት ምረጥ፤ ጥርሱ የተበሳው ሲጠብቅ ጎማውን እንደ መላጫ ይበላዋል። ስትጨርስ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ፦ ማፍሰሱን በምን አውቃለሁ? ይሸታል፣ ግን እርጥበት አላይም።

መልስ፦ ቤንዚን የጋለ ብረት ላይ ሲወድቅ ወዲያው ስለሚተን ሞተሩ ሞቆ ስታዪ አታገኚውም። ሞተሩ በደንብ ሲበርድ ኮፈኑን ክፈቺ። ነጭ የወረቀት ናፕኪን ያዢና ከታንኩ ጀምረሽ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጥረጊ፤ አንድ መገጣጠሚያ፣ አንድ ወረቀት። ቤንዚን የነካው ወረቀት ይሸታል፤ ቢደርቅም ቢጫ ጠርዝ ይተዋል። ከዚያ በካርቡሬተሩ ሥር፣ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር የተጋጠመበት ቦታና ታንኩ አፍ ላይ ድገሚ። ሽታው ካለ ግን እስክታገኚው ድረስ አታስነሺው።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ቢጫ ቧንቧ ስትነካ ትላወሳለች። በማጣበቂያ ላጣብቃት?

መልስ፦ እርስዎ ያገኙት ብዙዎች ሳያውቁት የሚነዱበትን ነገር ነው። በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ፣ በተለይ በቮልስዋገን ቢትል ሶሌክስ ላይ፣ ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ ቧንቧ በግፊት የገባች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችም። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ጎማውን ስንስብ፣ ቀስ በቀስ ትለቃለች፤ አንድ ቀን ከነቱቦዋ ትወጣና ፖምፓው ቤንዚኑን በቀጥታ ሞተሩ ላይ ይረጫል። ማጣበቂያ አይታመንም። ትክክለኛው ቀዳዳው ውስጥ ጥርስ አውጥቶ እንደ ቡሎን ተሽከርክሮ የሚገባ ቧንቧ መግጠም ነው። እስከዚያው ቧንቧዋን ከካርቡሬተሩ አካል ጋር በቀጭን ሽቦ ጠርንፏት፤ ይህ ለጊዜው መያዣ እንጂ ጥገና አይደለም።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተሬ አንዳንዴ ይጎርፋል፤ በላይ በኩል ቤንዚን ይወጣል። በመዶሻ እጀታ ኳ ሳደርገው ያቆማል። ይህ አደገኛ ነው?

መልስ፦ ነው። ኳ ስትል የምትነቃው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚን መግቢያውን የምትዘጋው መርፌ ናት። ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ተንሳፋፊ ከፍ ሲል መርፌዋ ቀዳዳዋን ትዘጋለች፤ ቆሻሻ ከገባባት፣ ወይም ጫፏ ከተበላ ሳትዘጋ ትቀራለች፣ ቤንዚኑም ይሞላና በላይ ይፈሳል። መካኒካል ፖምፓ ሞተሩ ሲቆም ይቆማል፤ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ያፈሳል።

መርፌዋን ከነመቀመጫዋ ቀይር። ተንሳፋፊው ነሐስ ከሆነ አውጣውና አወዛውዝ፤ ውስጡ ከተንቦጨቀ ተበስቷል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ስታሰጥመው ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል፤ ነገር ግን ውስጡ ቤንዚን አለና ውኃውን ሌላ ቦታ አሙቀህ እሳት ከሌለበት ሥራ። ከዚያ የፖምፓውን ግፊት ለካ። ብዙ የድሮ ካርቡሬተር ከ0.2 እስከ 0.3 ባር በላይ አይፈልግም። የተሻለ ይሠራል ብሎ ኃይለኛ ፖምፓ የገጠመ ሰው መርፌዋን በግፊት ከፍቶባት ነው የሚጎርፍበት፤ ያኔ የግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ብገጥምስ?

መልስ፦ ግጠም፤ ግን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አታገናኘው። መኪናው ሲጋጭ፣ ወይም ሞተሩ ሲጠፋ ቁልፉ ካልተዘጋ ፖምፓው የተበጠሰውን ቱቦ ይመግበዋል። ሁለት ነገር አስገባበት፦ ግጭት ሲሰማ መስመሩን የሚያቋርጥ ማቋረጫ፣ እና ሞተሩ የዘይት ግፊት ካልሰጠ ፖምፓውን የሚያቆም የግፊት ማብሪያ። ሲያስነሱት የዘይት ግፊት ገና ስለሌለ ፖምፓው ለጊዜው ኤሌክትሪክ በሞተሪኖው መስመር በኩል ይሰጠዋል። ፖምፓውን ደግሞ ታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ ዝቅ አድርገህ ስቀል። ሞተሩ ጎን የተሰቀለ ፖምፓ ለእሳት ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የመስታወት የቤንዚን ፊልትሮስ?

መልስ፦ አይገጠም። ሞተር ክፍል ውስጥ መስታወትም ፕላስቲክም ትሰነጠቃለች። ብረት ይሁን፣ ከፖምፓው በፊት ይቀመጥ፤ ታንኩ አካባቢ ቢሆን የተሻለ።

ጥያቄ፦ ብዙ ወር የቆመውን መኪናዬን ለማስነሳት በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን እያፈሰስኩ አስጀምረዋለሁ። ባለፈው ድንገት ቡፍ ብሎ ነደደ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ ልማዱን ተው። ከጠርሙስ ማፍሰስ ማለት እጅህ ላይ፣ ሞተሩ ላይ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቤንዚን ይዞ ብልጭታ መጥራት ነው። ከፈለግህ በሕክምና መርፌ (ሲሪንጅ) የለካኸውን 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምር፣ ጠርሙሱን ዘግተህ አርቅ፣ የአየር ፊልትሮውን መልሰህ ግጠም፤ ከዚያ አዙር። ፊልትሮው ነበልባሉን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይገታል፤ ያለ እሱ ማስነሳት ከሁሉ የከፋ ነው።

ነዶ ከሆነና እሳቱ በካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ ብቻ ከሆነ ሞተሪኖውን አታቋርጥ፤ ሞተሩ ነበልባሉን ወደ ውስጥ ይስበዋል። 5 ሰከንድ ካለፈው ግን ቁልፉን ዝጋና በብረት ክዳን ወይም በወፍራም ደረቅ ጨርቅ አፍን፣ አልያም ማጥፊያውን ተጠቀም። ወደ ውጭ ከተንጠባጠበ በጨርቅ አትሞክረው። በተደጋጋሚ ቡፍ ካለ ደግሞ የካንዴላው ብልጭታ ሰዓቱን ስቷል፣ ወይም ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፤ ሌላ ጊዜ እንዳይደግምህ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ዋናው ምንድን ነው? ፊውዝ ጥቂት ብቻ አሉት።

መልስ፦ ብዙ የድሮ መኪኖች ከባትሪ ወደ ሞተሪኖና ወደ ቦቢና (ለካንዴላ ብልጭታ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅል) የሚሄዱት መስመሮች ፊውዝ የላቸውም። ሽፋኑ የተላጠ ገመድ ላሜራ ቢነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይሰጠዋል፣ ገመዱም ፍም እስኪሆን ይግላል። ቦቢናውን፣ የፊቱን ትልቅ መብራትና የጨመርከውን ማንኛውንም ነገር ለየብቻው በፊውዝ አስገባ፤ ፊውዙ ከባትሪው በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ላይ ከ15 አምፔር በላይ አታስገባ፤ ፊውዙ ለገመዱ ነው እንጂ ለመብራቱ አይደለም። ላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍ ገመድ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው።

ሰው የማያስባት አንዲት ነገር አለች፦ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የምታገናኘው የማሳ ገመድ። እሷ ከላላች ወይም ከዛገች ሞተሪኖው የሚወስደው ከ100 አምፔር በላይ ጅረት በሌላ መንገድ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ በቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚሳበው) ወይም በነዳጅ መርገጫ ሽቦ በኩል። ሽቦው ፍም ሆኖ ይግላል፣ ካርቡሬተሩ አጠገብ ነው ያለው። ሞተሪኖ ስታዞር ቾኩ እጅህ ላይ ከሞቀ ዛሬውኑ ማሳውን አጥብቀው፣ ዝገቱን ፍቀው።

ማቋረጫ ስትገጥም ደግሞ ባትሪውን ብቻ የሚያቋርጥ እንዳይሆን። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ዲናሞው ቦቢናውን ስለሚመግበው መኪናው አይጠፋም፤ የቦቢናውን መስመር አብሮ የሚያቋርጥ ተጨማሪ የገመድ መገናኛ ያለውን ፈልግ። ባትሪ ስትፈታ ከአካሉ ጋር የተያያዘውን ጫፍ አስቀድም። በአብዛኛው አሉታዊው ነው፤ አንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ግን አዎንታዊው ነው ከአካሉ ጋር የሚገናኘው፤ ሳታይ አትፍታ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ማጥፊያ ልግዛ?

መልስ፦ 2 ኪሎ ኤቢሲ ዱቄት (ለጠጣርም ለፈሳሽም እሳት የሚሆን) ለመኪና በቂ ኃይል አለው፤ ግን ትንሽ ማጥፊያ የሚተፋው ከ6 እስከ 10 ሰከንድ ብቻ እንደሆነ እወቅ። ዱቄቱ አሉሚኒየምና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎችን ይበላል፤ ከእሳቱ በኋላ ሳይዘገይ መጽዳት አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንም አይተውም፣ ነገር ግን ነፋስ ያባክነዋል፣ ብረቱንም አያቀዘቅዝም፤ እሳቱ እንደገና ይነሳል። አረፋ ያቀዘቅዛል። የድሮውን የሃሎን ጋዝ ማጥፊያ አትፈልግ፤ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተደረገው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ በበለጸጉት አገሮች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። ማጥፊያው ከሾፌሩ ወንበር እጅ የሚደርስበት ቦታ በብረት መያዣ ይታሰር፤ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ያለ ማጥፊያ የለህም በለው። በየወሩ የማጥፊያውን የግፊት መለኪያ እይ፤ ዱቄቱ እንዳይረጋ ገልብጠህ አራግፈው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ጭስ ከኮፈኑ ሲወጣ በቅደም ተከተል ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወደ ዳር ያዝ፣ ቁም፣ ቁልፉን ዝጋ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ። የኮፈኑን መክፈቻ ገመድ ከውስጥ ወዲያው ሳበው፤ ዘግይተህ ስትሞክር ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ይውረድ፤ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል። ማጥፊያውን ያዝ፣ ኮፈኑን ግን አትከፍተው። ሰፊ አየር ከገባ እሳቱ ወደ ፊትህ ይነሳል። በእጅ የሚገባ ክፍተት ያህል ብቻ አንሳው፣ ወይም በፊት ፍርግርጉ፣ በጎማው ጉድጓድ በኩል አፈሙዙን አስገባ፤ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን በአጭር በአጭር ግፊት ርጭ። ካጠፋህ በኋላም አትክፈተው፣ ጠብቅ። አንዱ ማጥፊያ ካለቀና እሳቱ ካልጠፋ፣ ወይም ወደ ታንኩ ከሄደ ጣለውና ሂድ። ውኃ አታፍስበት፤ ቤንዚኑን ወስዶ በሞተሩ ሁሉ ያስተኛዋል።

ጥያቄ፦ የቢትል ሞተር ነጭ ሆኖ ይነድዳል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የሞተሩ አካልና የማርሹ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። እሳቱ ለረጅም ጊዜ ከነደደ ማግኒዥየሙ ይያዛል፤ ያኔ ውኃም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያባብሱታል፣ የሚያጠፋው ለብረት የተዘጋጀ የዲ ክፍል ዱቄት ነው። ከ1968 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት የፖርሽ 911ዎች የብዙዎቹም የሞተር አካል ማግኒዥየም ነው። ስለዚህ የቢትል እሳት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ካልጠፋ ራቅ። የቢትል ሞተር ከኋላ ነውና የኋላውን ክዳን መያዣ በባዶ እጅ አትንካ፣ ጓንት ያዝ።

ጥያቄ፦ እሳቱ ጠፍቷል፣ ሞተሩ ደኅና ይመስላል። ላስነሳው?

መልስ፦ አታስነሳው። የነደደው ቱቦ ፍሎሪን ያለው ጎማ ከነበረ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ያወጣል፤ የጠቆረውንና የሚያጣብቀውን ቅሪት በባዶ እጅ አትንካ፣ በጎማ ጓንት አንሳው፣ ጣለው። ባትሪው ተነቅሎ ይቆይ። የጎማ ቱቦዎችን፣ የካንዴላ ገመዶችን፣ የነበልባሉ መንገድ ላይ ያለውን ገመድ ሁሉ ቀይር፤ ሽፋኑ ያበጠ ገመድ ውስጡ ሳይታይ ተላጥቶ ነው የሚገኘው። የፍሬን ቱቦንም አትዝለል። ከዚያ ቤንዚን በእጅ ፖምፓ ሞልተህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ 10 ደቂቃ በነጭ ወረቀት እይ። ደረቅ ከሆነ ነው ባትሪው የሚመለሰው።