በጡረታ አበል የት ከተማ ይኖራል? ጥያቄና መልስ

በጡረታ ጉዳይ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ያሳለፉ አባላችን፣ ከአዲስ አበባ ወጥተው ኑሮው ቀለል ባለ ከተማ መኖር ለሚያስቡ አባላት የሰጧቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ 60 ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ እወጣለሁ። የአዲስ አበባን ኪራይ ስለማልችለው ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ብገባስ?

መልስ፦ የሕክምና ክትትልዎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሆነ፣ ከሁለቱም ከተሞች ጠዋት ሄደው ማታ መመለስ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ቅርበት ብዙ ሰው ስለሚስብ ኪራዩ የሚጠብቁትን ያህል ላይረክስ ይችላል። ኪራይን ከኪራይ ብቻ አያወዳድሩ፤ የመድኃኒቱንና የመመላለሻውን ወጪ አብረው ይደምሩ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ዘመድ አለኝ፤ ባለቤቴ ግን የልብ ሕመምተኛ ናት።

መልስ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ፣ ብርዱም ጠንካራ ነው፤ ሐኪሟን ሳያማክሩ አይወስኑ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ዝቅ ያሉና ለስለስ ያሉ ናቸው፤ በዚያ ግን የወባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት የከፈልኩበትን እድር ምን ላድርገው?

መልስ፦ በእኔ እምነት ይህ ከኪራይ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው። አንዳንዱ እድር ወርኃዊ መዋጮው በዘመድ በኩል እስከተከፈለ ድረስ የራቀ አባሉን ያቆያል፤ ሌላው ደግሞ ለቅሶና ቀብር ላይ አለመገኘትን በቅጣት ስለሚያስከፍል፣ መዋጮውን ሳያቋርጡም ዕዳ ሊከማችብዎ ይችላል። በሚሄዱበት ከተማ ያለው እድር የመግቢያ ገንዘቡን ካከማቸው ጥሬ ገንዘብ፣ ከድንኳኑና ከዕቃው ዋጋ አንጻር የሚተምን ከሆነ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው በአንድ ጊዜ የሚከብድ ሒሳብ ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱንም መተዳደሪያ ደንብ ከዳኛው ወይም ከጸሐፊው ይጠይቁ፤ አዲሱ ሳይቀበልዎ የቀድሞውን አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ሐዋሳ መጥታ በጡረታዋ መኖር ትፈልጋለች። ክፍያው ይከተላታል?

መልስ፦ የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) ክፍያቸውን ኢትዮጵያ ሆነው መቀበል ይችላሉ፤ ግሪን ካርድ ብቻ ካላቸው ግን ከስድስት ወር በኋላ ሊቋረጥባቸው ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍሉን አቋርጠው ኋላ ቢመለሱበት ደግሞ፣ ያለ ሽፋን ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት በወርኃዊ ክፍያው ላይ 10 በመቶ ሊጨመርባቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለኝን ኮንዶሚኒየም ልሽጠው ወይስ ላከራየው?

መልስ፦ አበሉ ከገበያው ጋር እኩል ስለማይሄድ ማከራየቱን እመርጣለሁ፤ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለበት ግን አይርሱ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ ስለሌለበት፣ የሄዱበት ከተማ ባይስማማዎ ወዲያው ወደ ቤትዎ መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት በዚያ ከተማ አንድ ክረምት ኖረው ይሞክሩት።